የሮማ ከተሞች የማን ነበሩ?

ከሮማ ግዛት የተረፈው ጎልቶ የሚታይ ነገር ከተማ ነው። ከብሪታንያ እስከ ሊቢያ በረሃ ጠርዝ ድረስ ቀጥ ብሎ የተሰመረ ጎዳና፣ በአምድ የተከበበ አደባባይ፣ የሕዝብ መታጠቢያና ቴአትር ደጋግሞ ይገኛል። አገሩና ሕዝቡ ይለያያል፤ የከተማው መልክ ግን ይመሳሰላል። አርኪዮሎጂስቶችን ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ መመሳሰል ነው። በጦር የተያዙት ሕዝቦች ይህን ኑሮ ወደው ያዙት ወይስ ተጫነባቸው? ያዙት የተባሉትስ እነማን ናቸው?

ጥያቄው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል። አንደኛው ዕቃ ነው፤ የሮማን ሸክላ ማን ገዛ፣ ወይኑን ማን ጠጣ። ሁለተኛው ማንነት ነው፤ ዕቃውን የያዘው ሰው ሮማዊ ነኝ ይል ነበር ወይ። ሦስተኛው ሥልጣን ነው፤ መሬቱ፣ ግብሩና የሰው ጉልበት በማን እጅ ነበሩ። የክርክሩን ታሪክ የተከታተለ ሰው እንደሚያየው አብዛኛው ጥፋት የመጣው የአንዱን ማስረጃ ለሌላው ከማዋል ነው። ከዚያ በማይተናነስ ደግሞ መልሱን የወሰነው ዶማው ያረፈበት ቦታ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኦክስፎርዱ መምህርና የሲልቸስተር ሸክላ

ጀርመናዊው ቴዎዶር ሞምሰን በ1885 ባሳተመው የሮማ ታሪክ አምስተኛ ጥራዝ ትኩረቱን ከሮም ከተማ ወደ ክፍለ ሀገራቱ አዞረ። መነሻው በድንጋይ የተቀረጹ የላቲን ጽሑፎች ነበሩ። የእሱን መንገድ ወደ ብሪታንያ ያመጣው የኦክስፎርዱ መምህር ፍራንሲስ ሃቨርፊልድ (1860–1919) ነው። በ1905 ለብሪታንያ አካዳሚ ባቀረበውና በኋላ በመጽሐፍ በወጣው ንግግሩ የብሪታንያ ነዋሪዎች በቋንቋም በቁሳቁስም ሮማዊ ወደ መሆን ተለወጡ ሲል ተከራከረ። በዚያ ዘመን ብዙ እንግሊዛውያን የሮማን ዘመን አገሩን የያዘ ባዕድ ጦር ሰፈር ብቻ አድርገው ያዩት ስለነበር አባባሉ አዲስ ነበር።

ማስረጃው ዛሬም ያስገርማል። በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው ሲልቸስተር፣ በሮማውያን ስም ካሌቫ አትሬባቱም፣ የሸክላ ሠሪዎች ጭቃው ሳይደርቅ በጣታቸው ወይም በሹል እንጨት የጫሩባቸው ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። አንዱ ሠራተኛ ቱቦውን የሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ ስሙን ጽፏል። ሌላው ቁራጭ ላይ የስሞች ዝርዝር ሰፍሮ መጨረሻው የቨርጂል ኤኒድ ሁለተኛ መጽሐፍ በሚከፈትባቸው ቃላት ይዘጋል። ሃቨርፊልድ ከዚህ ተነሥቶ በዚያች ከተማ ላቲን የሹማምንት ብቻ ሳይሆን የእጅ ባለሙያው ቋንቋም ነበረ አለ። ስለ ከተማይቱ ሠራተኞች ከሆነ አባባሉ አሁንም የሚናቅ አይደለም። ከከተማው ቅጥር ውጪ ያለውን ገበሬ ግን አይመለከትም፤ ሃቨርፊልድ ራሱም ለውጡ በየቦታው እኩል እንዳልነበረ ጽፏል፤ ተከታዮቹ ይህን ማስጠንቀቂያ ዘነጉት።

የዘመኑ ጥላ እዚህ ላይ ይገባል። ግብፅን ለረጅም ዓመታት ያስተዳደረው ሎርድ ክሮመር የጥንቱንና የዘመኑን ኢምፔሪያሊዝም የሚያነጻጽር መጽሐፍ በ1910 አወጣ። ቻርልስ ሉካስ በ1912 ሮማንና ብሪታንያን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሃቨርፊልድ ደግሞ በ1913 ስለ ጥንታዊ የከተማ ፕላን ጻፈ። በቀጥታ መስመር የተቆረቆረ ከተማን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ያየው የእንግሊዝ አርክቴክቶች ስለ አዲስ የከተማ ፕላን በሚወያዩበት ወቅት ነበር። ሪቻርድ ሂንግሊ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዝምድና በዝርዝር አሳይቷል፤ የገዢው መደብ ልጆች ሮማን ሲያጠኑ የራሳቸውን ሥራ እያጠኑ ነበር። ይሁንና አንድ ሐሳብ ለቅኝ ገዢ ተመቸ ማለት ሐሳቡ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሃቨርፊልድን የመተቸት ሥራ አንዳንዴ ይህን ልዩነት ዘልሎታል።

ከዶማው ያመለጠው እንጨት

በዚያችው በሲልቸስተር የለንደን የጥንታዊ ቅርሶች ማኅበር ከ1890 እስከ 1909 ድረስ ቆፍሯል። ዓላማው በቅጥሩ ውስጥ ያለውን ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ከተማ ሙሉ ፕላን ማውጣት ነበር። ሠራተኞቹ በየመንደሩ ክልል ሰያፍ ቦይ እየቆፈሩ የድንጋይ ግድግዳ ሲያገኙ ግድግዳውን ተከትለው ይሄዱ ነበር። ውጤቱ ውብ ካርታ ሆነ፦ ሰፋፊ ቤቶች፣ በመካከላቸው ባዶ መሬት፣ ጸጥ ያለ የአትክልት ከተማ። ለዘመኑ የእንግሊዝ አንባቢ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ሥዕል አይገኝም።

ባዶው መሬት ግን ባዶ አልነበረም። የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲፈርስ በአፈሩ ውስጥ የሚተወው የቀለም ልዩነትና ትንሽ የጉድጓድ ፈለግ ብቻ ነው፤ ግድግዳ የሚፈልግ ቆፋሪ አያየውም። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ፉልፎርድና ባልደረቦቹ ከ1997 እስከ 2014 ድረስ በዚያ ከተማ አንዱን ክልል ብቻ በየክረምቱ በጥንቃቄ ሲያነሡ በእንጨት ቤት የተሞላ ሠፈር አገኙ። ከዚያ በታች ደግሞ ከሮማውያን ወረራ በፊት የነበረች ከተማ ወጣች። ቀደም ብሎ በአደባባዩ ሥር በተደረገው ቁፋሮ በቀጥታ ማዕዘን የሚገናኙ መንገዶች ከክርስቶስ ልደት በፊት መዘርጋታቸው ታውቆ ነበር። ከ43ቱ ወረራ በፊት በነበረው የጉድጓድ ደለል ውስጥ የወይራ ፍሬ፣ የድንብላልና የሌሎች ከባሕር ማዶ የመጡ ቅመሞች ዘር ተገኘ።

ይህ ግኝት ሁለት ነገር ያፈርሳል። የተሰመረ ጎዳናንና የሜዲትራንያን ምግብን ከሮማ ጦር ጋር ብቻ ማያያዝ አይቻልም። የአገሩ ገዢዎች ገና ነጻ ሳሉ ከባሕር ማዶ ይሸምቱ ነበር። በሌላ በኩል ወራሪው አዲስ የጎዳና መስመር ካወጣ በኋላ እንኳ አንዳንድ ቤቶች በድሮው አቅጣጫ፣ አዲሱን መስመር አግድመው ለረጅም ጊዜ ቆመዋል። ይህ እምቢታ ነው? የቦታ ባለቤትነት ጉዳይ ነው? ወይስ ቤቱን ማፍረስ ወጪ ስለሆነ ብቻ? መሬቱ አይናገርም። በእኔ ግምት ሦስተኛውን ሳያስቡ ወደ መጀመሪያው መሮጥ የዘመናችን ፈተና ነው።

በእርግጥ አፈር በግልጽ የሚናገርበት ጊዜም አለ። በኮልቸስተር፣ በለንደንና በሴንት አልባንስ ሥር በእሳት የቀላ የሸክላ አፈር ንጣፍ ይገኛል፤ በ60 ወይም 61 ዓመት ንግሥት ቡዲካ የመራችው አመፅ ያቃጠላቸው ከተሞች ናቸው። ኮልቸስተር በ49 ዓመት ለተሰናበቱ ወታደሮች የተቆረቆረች ሠፈር ነበረች። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደሚተርከው ወታደሮቹ ነዋሪውን ከመሬቱ ነቅለው እንደ ባሪያ ይቆጥሩት ነበር፤ ለንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስ የተሠራው ቤተ መቅደስም የዘላለም አገዛዝ ምሽግ ተደርጎ ታየ። በ2014 በዚያው በኮልቸስተር ከቃጠሎው ንጣፍ ሥር አንድ ቤተሰብ በችኮላ የቀበረው የወርቅና የብር ጌጥ ተገኝቷል። ባለቤቶቹ አልተመለሱም። ከተማ የሥልጣን መሣሪያ እንደነበረ ለማስረዳት ከዚህ በላይ ማስረጃ መፈለግ ከንቱ ነው። ይህ ግን ስለ አንድ ትውልድና ስለ አንድ ዓይነት ከተማ የሚናገር ማስረጃ ነው።

ሰሜን አፍሪካ፦ ሁለት ጊዜ የተገዛ አፈር

በአልጄሪያ የምትገኘው ቲምጋድ በ100 ዓመት በንጉሠ ነገሥት ትራያን ዘመን በሦስተኛው አውጉስታ ሌጌዎን ተቆረቆረች። መጀመሪያ የተሠራው ክፍል ካሬ ሆኖ እንደ ዳማ ገበታ የተከፋፈለ ነው፤ በኋላ ግን ከተማው ከካሬው አልፎ እንዳሻው አደገ። ፈረንሳውያን ከ1881 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሲያወጡት ትኩረታቸው ያው ካሬ ነበር። በላዩ የነበሩትን የኋላ ዘመን ንጣፎች ብዙ ሳይመዘግቡ ጠረጉ። አገሩን በጦር ይዞ የራሱን ገበሬ ለሚያሰፍር መንግሥት የወታደር ከተማ ፍርስራሽ እንደ ርስት ማስረጃ ሆኖ አገለገለ።

በሊቢያ ጣሊያኖች ከ1911 ወረራ በኋላ ያደረጉት ከዚህ የባሰ ግልጽ ነው። በሌፕቲስ ማግና የፋሽስቱ መንግሥት የደገፈው ቁፋሮ አምዶችን አቆመ፣ ሐውልት አወጣ፣ ኢጣሊያ ወደ ገዛ ንብረቷ ተመለሰች ለሚለው ስብከት መድረክ ሆነ። በሮም ደግሞ በአዲሱ የኢምፓየር ጎዳና ግድግዳ ላይ የጥንቱን ግዛት እድገት የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች በ1934 ተለጠፉ። ኢትዮጵያ ከተወረረች በኋላ በ1936 የፋሽስቱን አዲስ ግዛት የሚያሳይ አምስተኛ ካርታ ተጨመረ። በ1937 አውግስጦስ የተወለደበት ሁለት ሺህኛ ዓመት ታላቅ ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የአክሱም ሐውልት ተወስዶ ከጥንቱ የሮማ የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ አጠገብ፣ የቅኝ ግዛቱ ሚኒስቴር ፊት ለፊት ቆመ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው፤ በቦታው የቆመው በ2008። አምስተኛው ካርታ ከጦርነቱ በኋላ ተነሣ፤ አራቱ እስካሁን አሉ። የሮማ ጥናት ከዘመኑ ፖለቲካ የራቀ ንጹሕ ሙያ ነበር ለሚል ሰው እነዚህን ማሳየት ይበቃል።

ነገር ግን ጣሊያኖች ያወጡት ድንጋይ ራሱ ስብከታቸውን ይቃረናል። የሌፕቲስን ገበያ በ8 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ቴአትሩን ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያሠራው አናባል ታፓፒዮስ ሩፎስ የሚባል የአገሩ ባለጸጋ ነው። ስሙ ከፊሉ ፊንቄያዊ፣ ከፊሉ ላቲን ነው። በቴአትሩ ላይ ያለው ጽሑፍም በላቲንና በፑኒክ (በሰሜን አፍሪካ ፊንቄያውያን) ፊደል ተቀርጿል። ሌፕቲስ ያኔ የሮማ ወታደሮች ሠፈር አልነበረችም፤ የቅኝ ከተማነት ማዕረግ ያገኘችው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ በትራያን ዘመን ነው። ቴአትሩን ሮም አልሠራችውም። ሮም ስትነግሥ ባለጸጋው በከተማው ሰዎች ዘንድ ያለውን ክብር በአዲስ መልክ አጸናበት እንጂ።

ነጻነት ከመጣ በኋላ የማግሬብ ምሁራን ክርክሩን ገለበጡት። ሞሮኳዊው አብደላ ላሩዊ በ1970 የፈረንሳውያንን የታሪክ አጻጻፍ ክፉኛ ነቀፈ። ማርሴል ቤናቡ በ1976 ሮማዊ መሆንን አፍሪካውያን እንዴት እንደተቋቋሙት በሰፊው ጻፈ፤ በጦርነት ብቻ ሳይሆን በሰው ስም፣ በአማልክት፣ በቋንቋ ጭምር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢቮን ቴቤር መልስ ሰጠ፦ ይህ ከቅኝ ገዢ እይታ ነጻ የወጣ ታሪክ ነው ወይስ የተገለበጠው የዚያው ታሪክ? በእሱ እምነት መስመሩ በሮማዊና በበርበር መካከል ሳይሆን በባለ ርስትና በገበሬ መካከል የሚሰመር ነው። ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብዙው ነገር ለእሱ የዘገየ መልስ ይመስላል።

ባላባቱ፣ ገበሬው፣ የማዕድን እስረኛው

ማርቲን ሚሌት በ1990 ብሪታንያን በተመለከተ ያቀረበው ማብራሪያ ለጥቂት ጊዜ ሁሉንም አስማማ። ሮም በጥቂት ሹም ብዙ ሕዝብ የምትገዛው የየአገሩን ባላባት በቦታው በማቆየት ነው። ባላባቱ ሥልጣኑን የሚያስጠብቀው አዲሱን ምልክት በመያዝ ነው፤ ሎሌውና ጭሰኛው ደግሞ ባላባቱን ይኮርጃል። ግሬግ ዉልፍ በ1998 ስለ ጎል ሲጽፍ ጉዳዩን ወደ ባህል መለሰው፤ ሰዎቹ አንድ የተዘጋጀ ሮማዊነት አልተቀበሉም፣ ሮማዊነት ራሱ ሲሠራ ተካፋይ ሆኑ። ሁለቱም አሳማኝ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከላይ ወደ ታች ያያሉ። ድሀው ለምን መኮረጅ እንደፈለገ፣ ከነጭራሹ መፈለጉም ቢሆን፣ አልተብራራም።

ጄን ዌብስተር በ2001 ከካሪቢያንና ከአሜሪካ ባሮች አርኪዮሎጂ ሐሳብ ተውሳ፣ እኩል ባልሆነ ሥልጣን ሥር ሁለት ባህሎች ሲደባለቁ ምን እንደሚወለድ መረመረች። የዴቪድ ማቲንግሊ የሥራ ዘመን ግን የክርክሩን አቅጣጫ ለውጥ በአንድ ሰው ሕይወት ያሳያል። የጀመረው በትሪፖሊታንያ ነው። በዩኔስኮ የሊቢያ ሸለቆዎች ጥናት እሱና ግሬም ባርከር ከበረሃው ጠርዝ ያሉትን እርሻዎች መረመሩ። ቀድሞ እነዚህን እርሻዎች ያቀናቸው በድንበር የሠፈረ የሮማ ወታደር ነው ይባል ነበር። ጥናቱ ያሳየው ግን የአገሩ ሰዎች ከመጀመሪያው መቶ ዓመት ጀምሮ ጎርፍ እየገደቡ፣ ወይራ እየጨመቁ የመሠረቷቸው መሆኑን ነው። ከዚያ በደቡብ ሊቢያ የጋራማንትን ከተሞች፣ በዮርዳኖስ ደግሞ የፋይናንን የመዳብ ማዕድን አጠና። ፋይናን ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ስፍራ ነው፤ በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ክርስቲያኖች እንዲሠሩበት ይፈረድባቸው እንደነበር አውሳብዮስ ጽፏል። ከማቅለጫው የወጣው ብክለት እስካሁን በአፈሩ ውስጥ ይለካል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማቲንግሊ በ2006 ስለ ብሪታንያ የጻፈው መጽሐፍ አገሪቱን እንደ ተያዘ ንብረት ያያታል። ከኤድዋርድ ሰይድ በወሰደው ሐሳብ አንድ ግዛት ለወታደሩ፣ ለከተማው ሰውና ለገበሬው ሦስት የማይገጣጠሙ ሕይወቶች ነበሩት ይላል። በእሱ ግምት ከብሪታንያ ሕዝብ አራት አምስተኛው በገጠር ይኖር ነበር፤ ሃቨርፊልድ የመሰከረለት ከተሜ ከአሥር ሰው አንዱ ነው። ተቺዎቹ ማቲንግሊ ሚዛኑን ወደ ጥፋቱ ጎን አዘንብሎታል፣ በገጠር የሮማ ዕቃ አለመገኘቱንም ቶሎ እምቢታ ያደርገዋል ይላሉ። ሁለተኛው ነቀፌታ ክብደት አለው፤ ድህነትም ባዶ ቤት ይተዋል።

ሌላው ወገን በግሎባላይዜሽን ስም መጣ። ማርቲን ፒትስና ሚጌል ዮን ፈርስላይስ በ2015 ባሳተሙት የጋራ መጽሐፍ ሮማዊና አገሬው የሚለውን ክፍፍል ትተን ዕቃና ሐሳብ በሰፊ ዓለም የተዘዋወሩበትን መንገድ እንይ አሉ። ከደቡብ ጎል የወጣው ቀይ ሸክላ በሩቅ አገር ሲገኝ ይህ አባባል ይጠቅማል። ነገር ግን ዕቃውን የሚያዘዋውረው ንግድ ብቻ አይደለም። ማኑኤል ፈርናንዴዝ ጎትዝ፣ ዶሚኒክ ማሼክና ኒኮ ሮይማንስ በ2020 በአንቲኩዊቲ መጽሔት እንደጻፉት በእንዲህ ያለ ሥዕል ውስጥ እልቂት፣ ዘረፋና የባሪያ ንግድ ጠፍተዋል። እኔ ወደዚህኛው ክስ አደላለሁ፤ የሸክላውን ጉዞ ለማወቅ የሸክላ ሠሪውን ባለቤት መርሳት ግዴታ አይደለም።

ከግዛቱ ወሰን ውጪ የሚመጣ ፈተና

ይህን ክርክር ለመመዘን የተሻለው ቦታ ሮም ያልገዛችው አገር ይመስለኛል፤ ጥናቱ ግን በቂ ቦታ አልሰጠውም። ጋራማንቶች በበረሃ ውስጥ ከተማ ሠርተው፣ በመሬት ሥር ቦይ ውኃ ስበው፣ የሮማን ወይን፣ ዘይትና ብርጭቆ አስመጥተዋል። የሮማ ገዢ ግን አልነበረባቸውም። አክሱም ደግሞ ከዚያ ያለፈ ምስክር ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ የዚያ አገር ገዢ ዞስካልስ የግሪክ ፊደል ያውቅ እንደነበር ይነግረናል፤ በአዱሊስ በኩል ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ወይንና የወይራ ዘይት ይገባ ነበር። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ ያሠራው የወርቅ ሳንቲም ጽሑፉ ግሪክ ነው፤ ሚዛኑም ከሮማ የወርቅ ሳንቲም ሚዛን ጋር የተያያዘ። ንጉሥ ኢዛና በግሪክ አስቀርጿል፤ በግዕዝም አስቀርጿል።

አክሱምን ማንም ሮማዊ ሆነች አይልም። እንግዲህ ተመሳሳይ ወይን፣ ተመሳሳይ ብርጭቆና የባዕድ ፊደል በጎል ሲገኝ የማንነት ለውጥ፣ በትግራይ ደጋ ሲገኝ ንግድና የንጉሥ ክብር ከሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው ዕቃው አይደለም፤ በዕቃው ዙሪያ የነበረው ሥልጣን ነው። ማን ግብር ከፈለ? መሬት በማን ተለካ? ለጦር የተመለመለው የማን ልጅ ነው? በአክሱም እነዚህን የሚወስነው የአክሱም ንጉሥ ነበር። የዕቃ ማስረጃን ብቻ ይዞ ስለ ኢምፔሪያሊዝም መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

አጥንትና ገጠር

ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ሁለት አዲስ ማስረጃ አምጥተዋል። አንደኛው አጥንት ነው። በዮርክ በ1901 የተገኘች የአራተኛው መቶ ዓመት ሴት የዝሆን ጥርስና የጥቁር ድንጋይ አምባሮች፣ መስተዋትና ሰማያዊ የብርጭቆ ማሰሮ ይዛ ተቀብራለች። በ2010 የታተመው የጥርስ ኬሚካል ምርመራ ከዮርክ በሞቀ አገር አድጋ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ፤ የራስ ቅል ልኬቱ ከአፍሪካ ዝርያ ጋር ተያይዟል፤ ይህ ዓይነቱ ልኬት ግን ራሱ ክርክር አለበት። በየከተማው የተደረጉ ተመሳሳይ ምርመራዎች የሮማ ከተሜ አገሬው ወይም ወራሪ ብቻ አለመሆኑን አሳይተዋል። በዶርሴት የተደረገው የአጥንት ጥናት ደግሞ ከወረራው በኋላ በተለይ በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ የሞት አደጋ መጨመሩን ያሳያል። መታጠቢያ ቤት ያለው ከተማ ጤነኛ ከተማ ነበር የሚለውን የድሮ እምነት ይህ ክፉኛ ይፈትነዋል።

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከግንባታ ነው። በእንግሊዝ ከ1990 ጀምሮ ቤት ወይም መንገድ የሚሠራ ድርጅት መሬቱን አስቀድሞ እንዲያስቆፍር የሚጠይቅ መመሪያ ወጣ። ቆፋሪው ወደ ታዋቂ ፍርስራሽ ሳይሆን መንገዱ ወደሚያልፍበት ሄደ፤ ዶማው ለመጀመሪያ ጊዜ በምርጫ ሳይሆን በአጋጣሚ አረፈ ማለት ይቻላል። የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲና አጋሮቹ ይህን ክምችት አጠናቅረው ከ2016 እስከ 2018 በሦስት ጥራዝ አሳተሙ። ከ2,000 በላይ ቦታዎችን የያዘው ይህ ሥራ አንድ የብሪታንያ ገጠር እንዳልነበረ ያሳያል። በደቡብና በመካከለኛው እንግሊዝ ገበሬው ሳንቲምና የገበያ ሸክላ ይይዛል። በምዕራብና በሰሜን ሦስት መቶ ዓመት ተገዝተውም እንደ አባቶቻቸው በክብ ጎጆ የኖሩ፣ የሮማ ዕቃ በቤታቸው እምብዛም ያልገባ መንደሮች አሉ።

ይህ ባዶነት የሚነበበው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ወገን በራሳቸው ፈቃድ ያልፈለጉት ኑሮ ነው ይላል። ሌላው ግብሩና የጦሩ ቀለብ ምርታቸውን ስለወሰደው ወደ ገበያ የሚያመጡት አልነበራቸውም ይላል። ሁለቱን የሚለየው የሸክላ ቁጥር አይደለም፤ ከመንደሩ የወጣው እህልና ከብት የት እንደደረሰ ማወቅ ነው። በሰሜኑ ምሽጎች የታረዱ ከብቶችን ጥርስ በኬሚካል መርምሮ ያደጉበትን አገር የመፈለጉ ሥራ ተጀምሯል፤ ከየመንደሩ ለማነጻጸሪያ የሚሆነው አጥንት ግን አሲዳማ በሆነው የምዕራብና የሰሜን አፈር ውስጥ በአብዛኛው በስብሶ አልቋል።